ከእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ በኋላ፦ የአንድ ትምህርትና የሥራ በሮቹ ታሪክ፣ ከወላይታ ሲታይ

(በወላይታ ሶዶ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ግልባጭ)



የንግግሬ መነሻ በየመተላለፊያውና በየቤታችን ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነው፦ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው ምን ይሠራል? ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን እየጻፈ ይጠይቀዋል። ከብት ሸጦ ያስተማረ ወላጅ ይጠይቀዋል። ቀጣሪም የትምህርት ማስረጃውን አገላብጦ አይቶ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሼክስፒር ስም ተሸፋፍኖ ሊታለፍ አይገባውም።

ብዙውን ጊዜ ይህ ጥያቄ የዛሬ የሥራ ገበያ ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል። እኔ የማቀርበው እንደ ታሪክ ጥያቄ ነው። ትምህርቱ በሀገራችን ከሰባ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በእነዚህ ዓመታት ምሩቃኑ የገቡባቸው በሮች ተከፍተዋል፣ ጠበዋል፣ ተለዋውጠዋል። የኋላውን ያላየ ሰው በሩ ሲጠብ ቤቱ የፈረሰ ይመስለዋል።

ሐሳቤን አስቀድሜ በአጭሩ ላስቀምጥ። በኢትዮጵያ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ምሩቅ በዲግሪው ስም የሚጠራ ሥራ ኖሮት አያውቅም ማለት ይቻላል። በየዘመኑ መንግሥት አንድ ሰፊ በር ሲከፍት በዚያ ገብቷል። ከየበሩ ጀርባ ግን ያልተለወጠ አንድ ሥራ ነበር፤ በቋንቋዎች መካከል ቆሞ በጥንቃቄ ማንበብና መጻፍ። ይህ ሥራ በወላይታ ዛሬም በሰፊው አለ፤ በስሙ የተከፈተለት መደብ ግን ጥቂት ነው። ሥራውና መደቡ ለምን እንደተለያዩ የሚነግረን ታሪክ ነው።

በህንድ ደጅ፣ በኢትዮጵያ ደጅ

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እንደ ትምህርት ከእንግሊዝ ውጭ የተስፋፋው በመጀመሪያ በቅኝ ግዛቶች ነው። በህንድ እ.ኤ.አ. በ1835 ማካውሌ የተባለው ባለሥልጣን የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ለእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲውል የሚያሳስብ ማስታወሻ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1855 የህንድ አስተዳደር ሠራተኞች በውድድር ፈተና መመረጥ ሲጀምሩም የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ከፍተኛ ነጥብ ይዞ ገባ። ስለዚህ በዚያ ሀገር ይህን ትምህርት መማርና የመንግሥት ወንበር መመኘት የተያያዙ ነገሮች ነበሩ። ትምህርቱ ከሥራው ጋር የተወለደ ነበር።

በኢትዮጵያ ታሪኩ ሌላ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ የሚሰማው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የእንግሊዝ ጦር አጋር ሆኖ አብሮ ስለገባ፣ አማካሪዎቹም መምህራኑም ከዚያው ስለመጡ፣ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። በ1935 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የኢትዮጵያን ሄራልድም የዚያው ዘመን ልጅ ነው።

የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ እንደሆነ ቀጠለ፤ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ደነገገ። ደብዳቤ የሚጻፈው፣ ዳኝነት የሚሰጠው፣ ግብር የሚሰበሰበው በአማርኛ ነበር። እንግሊዝኛ የትምህርት ቤቱና ከውጭው ዓለም ጋር የመገናኛው ቋንቋ ሆነ። ይህ ልዩነት ለዛሬው ጥያቄያችን ወሳኝ ነው። በህንድ የሥነ ጽሑፉ ምሩቅ ወደ አስተዳደር ይገባል። በኢትዮጵያ የሚጠብቀው ወይ ጥቁር ሰሌዳ ነው፣ ወይም በሀገሩና በውጭው መካከል ያለው ጠባብ ድልድይ፤ ጋዜጣው፣ አየር መንገዱ፣ ኤምባሲው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በኋላም በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት።

የመጀመሪያው በር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ ጥቂት፣ የሚጠብቃቸው ክፍት ወንበር ግን ብዙ ነበር። በዚያ ዘመን ምሩቁ ምን ዓይነት ዲግሪ እንደያዘ ከመጠየቅ ይልቅ ዲግሪ መያዙ ይበቃ ነበር። እንግሊዝኛን አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ሥራ ፍለጋ አይዞርም፤ ሥራው እርሱን ይፈልገዋል።

የዚያን ትውልድ ታላላቅ ስሞች ስናይ ግን አንድ የሚያስተምር ነገር እናገኛለን። በዓሉ ግርማ ያጠናው ፖለቲካና ጋዜጠኝነት ነው፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ኅትመቶች አዘጋጅነት ሠርቶ ልብ ወለዶቹን በአማርኛ ጻፈ። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሕግ አጥንቶ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መለሰ። ከእነርሱ በፊት ከበደ ሚካኤል በፈረንሳይኛ ትምህርት አድጎ የሮሜዎንና የዡልዬትን ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ አቀረበ። ዳኛቸው ወርቁ ብቻ ለሥነ ጽሑፍ በቀረበ ትምህርት፣ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ፣ የፈጠራ ጽሑፍ ተማረ፤ በአማርኛ አደፍርስን፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 በአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታይ መጻሕፍት የወጣውን ልብ ወለዱን ጻፈ።

ለወላይታ አንባቢ ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበው ምናልባት ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን የጻፈው በአማርኛም በእንግሊዝኛም አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የጽሑፍ ልማድ ባልነበረው በእናት ቋንቋው በቸሃ ጉራጌኛ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ዎልፍ ሌስላው ሲሆን፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ወጣ። ሣህለ ሥላሴ ከዚያ በኋላ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ጻፈ፤ የዓለም ሥነ ጽሑፍ ሥራዎችንም ወደ አማርኛ ተረጐመ። ሦስት ቋንቋ በአንድ ሰው እጅ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የተማረው ግን የፖለቲካ ሳይንስ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ጎን አለው። ዲግሪው ለዚህ ሥራ የግድ አላስፈለገም፤ ዲግሪው ብቻውን ይህን ሥራ እንደማይሰጥም ያሳየናል። እነዚህን ሰዎች የሚያመሳስላቸው ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ በጥልቀት ማንበባቸውና ያነበቡትን ወደ ሌላ ቋንቋ ማሻገር መቻላቸው ነው።

ለብዙኃኑ ምሩቅ ግን ሰፊው በር መምህርነት ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲበዙ መምህራን ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ማስተማር ጀመሩ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠርና በክፍለ ሀገር ከተሞች እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። የእንግሊዝኛ ምሩቅና የእንግሊዝኛ መምህር አንድ ናቸው የሚለው፣ ዛሬም ከቀጣሪ አእምሮ ያልወጣው አስተሳሰብ ሥሩ እዚህ ነው።

በዳሞታ ግርጌ

አሁን ወደ ራሳችን ቦታ ልመለስ። ወላይታ በውጭ ቋንቋ መጻፍ የጀመረችው እንግሊዝኛ ወደ ትምህርት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ ነው። በ1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ አብሯቸው ነበር፤ የዓይን ምስክርነቱን እ.ኤ.አ. በ1896 በፈረንሳይኛ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1928 የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ሶዶ ደርሰው በኦቶና ሰፈሩ፤ ከእነርሱ ጋር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪምና አስተማሪ መጣ። በጣሊያን ዘመን ሞሬኖ ስለ ኦሜቶ ቋንቋዎች በጣሊያንኛ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ታተመ። የሚሽኑ ባልደረባ ሬይመንድ ዴቪስ በወራሪው ዘመን ስለነበረችው የወላይታ ቤተ ክርስቲያን በእንግሊዝኛ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1966 ወጣ። ላምበርቲና ሶቲሌ የወላይታን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ጃፓናዊው ዋካሳ በዶክትሬት ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝኛ ተነተኑት። ሎቪሴ ኦለን የወላይታንና የሲዳማን ፖለቲካ ያጠናችበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል።

ዝርዝሩን ያቀረብኩት ለማወቅ ያህል አይደለም። ስለዚህ ሕዝብ ታሪክ፣ እምነትና ቋንቋ ከተጻፉት ዋና ዋና ሥራዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የተጻፉት በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ ነው። የሶዶ ወይም የቦዲቲ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ አያቶቹ የተጻፈውን ለማንበብ አስተማማኝ አሻጋሪ ያስፈልገዋል። የጥንቱ ቤተ መንግሥት ቱርጁማን ይለው የነበረው ያ ሰው ነው።

የቋንቋ ጉዳይ በዚህ ምድር ሁልጊዜ የመንግሥት ጉዳይም ነበር። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን፣ ሚሲዮናውያንም አማርኛ እንዲማሩ አዘዘ፤ የአካባቢ ቋንቋ ለመጀመሪያ መግባቢያ ያህል በቃል ብቻ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በዓለም ባንክ ብድር ሥራ ሲጀምር አንድ የልማት ሐሳብ በሦስት ቋንቋ መኖር ጀመረ። በእንግሊዝኛ ይታቀዳል፣ በአማርኛ ይታዘዛል፣ በወላይትኛ ለገበሬው ይነገራል። ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ በዞኑ የበዙት የተራድኦ ድርጅቶችም በዚሁ መሰላል ላይ ይወጣሉ፤ ይወርዳሉ። በየእርከኑ የሚሠራው ሰው ተርጓሚ ነው፤ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ግን የሚጠራው በሌላ ስም ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ወላይትኛ መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። በግዕዝ ፊደል ተጻፈ፤ ገበሬና የቤት እመቤት በእናት ቋንቋቸው ፊደል ቆጠሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ጽሕፈቱ ወደ ላቲን ፊደል ተዛወረ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አንደኛ ደረጃ በእናት ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲያገለግል ወሰነ። በዘመቻው ጊዜ በፊደል ወላይትኛ ማንበብ የተማረ አዛውንት ዛሬ የልጅ ልጁን መማሪያ መጽሐፍ ለማንበብ ይቸግረዋል። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ይህን ያህል የቋንቋ ለውጥ ያየ አካባቢ የቋንቋ ባለሙያ የማይፈልግበት ጊዜ ሊኖር አይችልም።

የ1992 ዓ.ም. ትምህርት

እዚህ ላይ ከሁሉም ከባድ ወደሆነው ምዕራፍ እንመጣለን። በያኔው የሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተዋሕደው አንድ የመማሪያ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወሰነ። ስሙም ከአራቱ መጠሪያዎች የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ ወጋጎዳ ተባለ። መማሪያ መጻሕፍት ታትመው ወደ ክፍል ገቡ። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሶዶ ተማሪዎችና መምህራን መጻሕፍቱን ተቃወሙ፤ ተቃውሞው ከተማውን አዳረሰ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መምህራን ታሰሩ። በመጨረሻም መጻሕፍቱ ከክፍል ወጡ፤ ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

የዚህ ክስተት መነሻ በዋናነት ፖለቲካዊ ነው፤ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ በቦታው ቢኖር ኖሮ አይደርስም ነበር ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ለእኛ ሞያ የሚነግረው አለ። መማሪያ መጽሐፍ ቃላትን አዋጥቶ የሚሠራ ዕቃ አይደለም። ተረት፣ ምሳሌያዊ ንግግር፣ የአያት አነጋገር፣ ልጅ በቤቱ የሰማው ድምፅ አለበት። ቋንቋዎቹ ተቀራራቢ መሆናቸው የቋንቋ ጥናት እውነት ነው። አንባቢው በገጹ ላይ ራሱን ማጣቱ ግን የሥነ ጽሑፍ እውነት ነው። ሁለተኛውን ለይቶ የሚያይ ዓይን የሚሠለጥነው የሌሎችን ልብ ወለድና ግጥም በትዕግሥት በማንበብ ነው። አንድ ጽሑፍ ማንን እንደሚናገር፣ ማንን እንደሚያገልል፣ አንባቢው የት ላይ እንደሚቆም መጠየቅ በሴሚናር ክፍል የምንለማመደው ሥራ ነው። በዚያን ዓመት በሶዶ ይህ ጥያቄ ከሴሚናር ክፍል በጣም ርቆ፣ በደም ተጠየቀ።

ሁለተኛው በርና መጥበቡ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1987 በሀገሪቱ የዶክትሬት ትምህርት ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ አራት መስኮች አንዱ እንግሊዝኛ ነበር፤ ሌሎቹ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ታሪክ ናቸው። ይህ ለትምህርቱ የተሰጠውን ክብር ያሳያል፤ ክብሩ ግን ከማስተማር ጋር የተሳሰረ ነበር።

ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲዎች መስፋፋት መጣ። ደርግ ሲወድቅ ሀገሪቱ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሯት፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ናቸው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚሁ ማዕበል ነው። አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የእንግሊዝኛ መምህር ይፈልጋል፤ ሁሉም ተማሪ፣ መሐንዲሱም ነርሱም፣ እንግሊዝኛ ይወስዳልና። ለአሥር ዓመት ያህል ሁለተኛ ዲግሪ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት የይለፍ ወረቀት ሆነ። የዛሬው ተማሪ ወደዚህ ትምህርት ሲገባ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ያንን ዘመን ነው።

ያ በር ግን እንደ መጀመሪያው ሁሉ ጠበበ። ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ትምህርቶች እንዲመደቡ ተወሰነ። የመምህራን መደብ እየሞላ ሄደ፤ አዲስ መደብ ሲወጣም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማር ሥልጠናን ሆነ። የሥነ ጽሑፉ ምሩቅ «ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ከሚለው ሐረግ ሥር ራሱን መፈለግ ጀመረ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የማዝን ሰው ሆኜ እመለስ ነበር። ነገር ግን የጠበበው ሁለተኛው በር እንጂ ሥራው አይደለም።

ዛሬ ያለው ሥራ

ሥራውን በየዘርፉ ላንሣ። እንደ ተስፋ ሳይሆን እንደ ሁኔታ እናገራለሁ።

አንደኛው ማስተማር ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ብዙ ምክንያቶች አሉት። ሆኖም ተማሪው ፊዚክሱንም ጂኦግራፊውንም የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄውን ማንበብ ካልቻለ እውቀቱን ማሳየት አይችልም። ተማሪን ረጅም ጽሑፍ ማስነበብ የሚችል መምህር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሆኖም የሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ብቻውን ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ የማስተማር ሥልጠና ማስረጃ ይጠየቃል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ተማሪ ይዘጋጃል። በዩኒቨርሲቲም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ለሁሉም የእንግሊዝኛ መግባቢያ ኮርሶችን ያካትታል። መደቡ ውሱን ቢሆንም አለ።

ሁለተኛው ትርጉም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች፤ ከዚህ ጋር ስብሰባው፣ ሰነዱ፣ ከውጭ አጋሮች ጋር የሚደረገው ውልና ሪፖርት ወደ ከተማችን መጥቷል። ይህን ሥራ ዛሬ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ሌላ መደብ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ወይም በመንገድ ዳር ያሉ የጽሕፈትና የትርጉም ቤቶች ናቸው። አንድ ቃል በስህተት ሲተረጐም የሚታሰር ሰው፣ የሚፈርስ ውል እንዳለ ካሰብን፣ የሠለጠነ ተርጓሚ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው የመማሪያና የልጆች መጻሕፍት ዝግጅት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ በአሜሪካ የልማት ድርጅት ድጋፍ በሰባት የእናት ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ወላይትኛ አንዱ ነበር። ፕሮጀክቶች ይመጣሉ፣ ያልቃሉ። የሚቀረው የአርትዖት ችሎታ ያለው የአካባቢ ሰው ነው፤ እርሱ ከሌለ ቀጣዩ ፕሮጀክት እንደገና ከሀ ይጀምራል።

አራተኛው መገናኛ ብዙኃንና የሕዝብ ግንኙነት ነው። በዚህ ብዙ አልቆይም፤ ምሩቃኖቻችን ከወዲሁ በሬዲዮ ጣቢያዎች፣ በኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶችና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚገቡበት መስክ ነው። ቀጣሪው የሚፈልገው የዲግሪውን ስም ሳይሆን በአንድ ቀን ንጹሕ ገጽ መጻፍ የሚችል ሰው ነው።

አምስተኛው አዲስ ነው፤ የቋንቋ ቴክኖሎጂ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በወላይትኛና በእንግሊዝኛ መካከል የሚተረጕም የኮምፒውተር ሥርዓት ሲሞክሩ በዋናነት የተመረኮዙት በመጽሐፍ ቅዱስና በሌሎች ሃይማኖታዊ ጽሑፎች ላይ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን የሚገኘው እርሱ ነውና። በዚህ ብቻ የተማረ መሣሪያ የነቢያትን ንግግር ያውቃል፤ የሶዶን ገበያ፣ የሐኪም ቤትን ወረፋ፣ የጊፋታን ጨዋታ አያውቅም። እነዚህን ጽሑፎች ማሰባሰብ፣ መተርጐምና ማረም የመሐንዲስ ሥራ ብቻ አይደለም። ሁለቱን ቋንቋ በጥልቀት የሚያነብ ሰው የግድ ያስፈልጋል።

በእነዚህ አምስቱም ዘርፎች አንድ ነገር ይደጋገማል። እንግሊዝኛ ብቻውን የሚፈለግበት ቦታ ጥቂት ነው፤ እንግሊዝኛ ከአማርኛና ከወላይትኛ ጋር ተጣምሮ የሚፈለግበት ቦታ ግን ብዙ ነው። በሦስት ቋንቋ መካከል ተወልዶ ያደገ የወላይታ ልጅ በዲግሪው ሥራ ሲያጣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ደርሶበታል ማለት ነው።

ከእኛ የሚጠበቅ

እ.ኤ.አ. በ1968 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦዎር-አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ቀርቶ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋዎች ክፍል ይቋቋም ብለው ጽፈው ነበር። እኔ ክፍሉ ይዘጋ አልልም። እነርሱ ያነሡት ጥያቄ ግን የእኛም ነው፦ መሃሉ የት ነው? ተማሪያችን ከየት ቆሞ ወዴት ነው የሚያነበው?

ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ስለ ወላይታ በውጭ ቋንቋ ከተጻፉት ሥራዎች አንድ ምዕራፍ በወላይትኛ ወይም በአማርኛ ተርጕሞ፣ የትርጉሙን ችግሮች በጥናት አስደግፎ ማቅረብ እንደ መመረቂያ ጽሑፍ ይቆጠር። በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ጥናት ይልቅ የሚነበብ ነገር ይተዋል፤ ተማሪውም ለቀጣሪ የሚያሳየው ሥራ ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው፣ የእንግሊዝኛና የወላይታ ቋንቋ ትምህርት ክፍሎች በትርጉምና በአርትዖት የጋራ ኮርስ ይክፈቱ። ሦስተኛው፣ ከፍርድ ቤቶች፣ ከትምህርት ቢሮና ከሚዲያ ተቋማት ጋር የተግባር ልምምድ ስምምነት ይደረግ። ይህ ሲሆን «አስተርጓሚ» እና «አርታኢ» የሚሉ መደቦች እንዲከፈቱ የሚጠይቅ ማስረጃ እናገኛለን። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ታሪክ እንደሚያሳየን መደብ በራሱ አይፈጠርም፤ ሥራው ጎልቶ ሲታይ ይከፈታል።

ለእናንተ ለተማሪዎች የምላችሁ አጭር ነው። ይህን ትምህርት የመረጣችሁት ያለፈውን በር እያያችሁ ከሆነ፣ ያ በር ወደ ቀድሞ ስፋቱ ቶሎ ይመለሳል ብዬ አላታልላችሁም። ማንበብን ወዳችሁ ከሆነ ግን ከእንግሊዝኛው ጎን አማርኛችሁንና ወላይትኛችሁን በዚያው ጥንቃቄ አንብቡ፤ ጻፉባቸው፤ ከመመረቃችሁ በፊት ቢያንስ አንድ የታረመ፣ የታተመ ወይም በአንድ ተቋም ጥቅም ላይ የዋለ ትርጉም በእጃችሁ ይኑር። ነቢይ መኰንን በደርግ እስር ቤት የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ ተርጕሟል። ማንም አልቀጠረውም፤ መደብም አልነበረም። ከእናንተ ማንም ያን ያህል መከራ እንዲቀበል አልጠይቅም። ሥራው ከመደቡ ቀድሞ መኖሩን ግን ከእርሱ ታሪክ መማር ይቻላል።

ለወላጆችም መልስ አለኝ። ልጃችሁ ምን ይሠራል? ስለ አያቶቻችሁ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ለልጅ ልጆቻችሁ ያነባል፤ የእናንተን ቃል በፍርድ ቤትና በጉባኤ ሳያዛባ ያደርሳል። ይህ ሥራ ደመወዝ ይገባዋል። ደመወዙን የሚከፍል መደብ እንዲከፈት መጠየቅ ደግሞ የዚህ ትምህርት ክፍል ድርሻ ነው፤ ጥያቄውን በዚህ ዓመት በጽሑፍ እንድናቀርብ ለባልደረቦቼ ሐሳብ እያቀረብኩ ንግግሬን እደመድማለሁ።